ከሚጉ ክንፍ ሥር፦ የመቶ አለቃ ካሳሁን ዘርጋ የሕይወት ታሪክ (1948–2018 ዓ.ም.)

መቶ አለቃ ካሳሁን ዘርጋ ከአባታቸው ከአቶ ዘርጋ ናዳ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብርነሽ ሳህሌ በጥቅምት ወር 1948 ዓ.ም. በጉመር፣ አረቅጥ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በርና ሳጥን የሚሠሩ አናጢ ነበሩ። ጉሙ ከተማዋን ሲሸፍናት፣ አልፎ አልፎ ከላይ የአውሮፕላን ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። አባታቸውን የሚያግዙት ልጅ ካሳሁን መጋዛቸውን አስቀምጠው ድምፁ እስኪጠፋ ይቆማሉ። ያላዩትን ነገር በድምፁ ወደዱት።

አንደኛ ደረጃን በዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን በወልቂጤ ተምረው በ1966 ዓ.ም. አየር ኃይልን ተቀላቀሉ፤ በደብረ ዘይትም በሞተር ጥገና ሠለጠኑ። በ1970 ዓ.ም. ወደ ሶቪየት ኅብረት ተልከው ሚግ 21 የተባለውን ተዋጊ ጄት ለአሥራ ስምንት ወራት አጠኑ። በረዶ መስኮቱን በሚጋርድበት በዚያ አገር፣ እሑድ እሑድ በአማርኛ የሚጽፉት አንድ ደብተር ጀመሩ። በደብተሩም የአውሮፕላኑን ሞዴሎች እንደ ቤተሰብ የትውልድ ሐረግ ቆጠሯቸው። የመጀመሪያዎቹ ቀላሎች፣ በአብራሪው ዓይንና በጠራ ሰማይ የሚተማመኑ ነበሩ። ለቀጣዮቹ ራዳር ሲገባላቸው አፍንጫቸው ሰፋ። ነዳጅ ቶሎ ስለሚያልቅባቸው ጀርባቸው ወፍሮ ተጨማሪ ነዳጅ ተሸከመ፤ ክብደቱ ሲበዛ ደግሞ የበረታ ሞተር ተሠራላቸው። "አንዱን ችግር ሲፈቱለት ሌላ ይወልዳል፤ ልክ እንደ ሰው ነው" ብለው ጽፈዋል። ከሁሉም አብልጠው የወደዱት ባለሁለት ወንበሩን፣ ተማሪ ከፊት አስተማሪ ከኋላ የሚቀመጡበትን ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ከጎንደር መጥተው በቡታጅራ ያስተምሩ ከነበሩት ከመምህርት ዓለምዘውድ አይናለም ጋር ጋብቻ ፈጽመው ማርቲ እና ግሩም የተባሉ ሁለት ልጆችን ወልደዋል።

በ1975 ዓ.ም. አንድ ባለሁለት ወንበር ሚግ ለበረራ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ መቶ አለቃ ካሳሁን በሞተሩ ውስጥ ከሚሽከረከሩት ምላጭ መሰል ስስ ብረቶች በአንዱ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አዩ። አለቃቸው፣ "ካሳሁን፣ ሁለት ሰው አይቶታል፤ ምንም የለውም" አሏቸው። "ይቅርታ ጌታዬ፣ እኔ አይቻለሁ። ይብረር ብዬ አልፈርምም" ብለው መለሱ። ተሳስተው ቢሆን እንጀራቸው ነበር የሚሄደው። ሞተሩ ወርዶ ሲፈታ ምላጩ ሊበጠስ ጥቂት ቀርቶት ተገኘ። አብራሪው ሻምበል ነብዩ ምላጩን በመዳፋቸው ይዘው አገላበጡትና፣ "ሦስት ልጆች አሉኝ" ብቻ አሉ።

አዲስ ሞተር ከተገጠመ በኋላ ለሙከራ በረራው ሻምበል ነብዩ መቶ አለቃ ካሳሁንን ከኋላ ወንበር አስቀመጧቸው። በዕድሜያቸው በተዋጊ ጄት የበረሩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ምድር እንደ ተዘረጋ ጨርቅ ከሥራቸው ተንሸራተተች። ቡታጅራ መጣች፣ አለፈች፤ ዘቢዳር ተራራ አንገቱን ደፍቶ አሳለፋቸው፤ የአረቅጥ ጉም በፀሐይ ነጭ ሐይቅ መስሎ ተኝቶ ነበር። ጉሙን ከላይ ሲያዩት አለቀሱ። በሳምንቱ ቡታጅራ ከሚያስተምሩት ባለቤታቸው ደብዳቤ መጣ፦ "አንድ ጋጠወጥ አውሮፕላን ክፍሌን በተነብኝ፤ ልጆቹ በሙሉ ሜዳ ወጡ።" እሳቸውም "ስለ ጋጠወጡ ይቅርታ እጠይቃለሁ" ብለው ጻፉላቸው።

በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ቡታጅራ ገቡ። ከጋራዥ ባለቤቱ ከአቶ ሸረፋ ሙባሪክ ጋር ሆነው እስከ እንሴኖ ድረስ እየዞሩ ወፍጮና የውኃ ፓምፕ ይጠግኑ ነበር። አንድ ቀን አቶ ሸረፋ ደብተሩን እስከ መጨረሻው አገላብጠው፣ "ወላሂ ካሳሁን፣ ይሄ ሁሉ ስለ ሞተርና ስለ ክንፍ ነው። ከክንፉ ሥር ስለሚሰቀለው ቦምብስ?" ሲሉ ጠየቋቸው።

"እሱን ልጽፍ ስንት ጊዜ ብዕር አንስቼ አስቀመጥኩ መሰለህ፣ ሸረፋ" አሉ መቶ አለቃ። "ከግዳጅ ሲመለስ ክንፉ ሥር ባዶ ይሆናል። እኔ ሞተሩን እፈትሻለሁ እንጂ የት እንዳራገፈው አልጠይቅም ነበር። ዛሬ ነው የምጠይቀው።"

አቶ ሸረፋ እጃቸውን በመቶ አለቃው ትከሻ ላይ አድርገው አብረዋቸው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ መቶ አለቃ ካሳሁን ደብተሩ ላይ አልጻፉም። ሌሊት በሕልማቸው ያዩትን ግን ጠዋት ለባለቤታቸው ይነግሩ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ድምፅ የሌለው ሰማይ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ወልቂጤ ወደምትኖረው ልጃቸው ማርቲ ዘንድ ተዛውረው፣ ከጉብሬ የሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ስለ ሞተር በነፃ ሲያስረዱ ኖሩ። ያደረባቸው የሳንባ ሕመም እየጠናባቸው ሄደ፤ በመጨረሻው ሳምንት አንድ ሕልም ለማርቲ ነገሯት። የቡታጅራ ገበያ ዕለት ነው፤ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በሕዝቡ ላይ ያልፋል፤ ሴቶቹ ቀና ብለው አይተው ወደ ሸመታቸው ይመለሳሉ። ልጃቸው፣ "ሰዎቹ ፈሩ እንዴ አባዬ?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"ማንም አልሮጠም" አሉ፣ ፊታቸው በርቶ።

መቶ አለቃ ካሳሁን ዘርጋ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆችና አራት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል። የምሕረት አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበል፤ ለጠየቁት ጥያቄ እርሱ ራሱ መልስ ይስጣቸው፤ ለቤተሰቡና ለወዳጆቻቸው መጽናናትን ያድል። አሜን።