የታዘዝኩት ይቅርታ

ይድረስ ለአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ለአጎቴ፤ ቡራዩ።

አከም ጅርቱ አጎቴ? ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ጥርስዎስ? ኧረ የጥርሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ። እኛ ሱሉልታ ያለነው ብርዱ ጆሯችንን እየቆረጠውም ቢሆን ደህና ነን፤ ከአንድ ሰው በቀር።

ይህን የምጽፈው ወድጄ አይደለም። ስልካችንን አላነሳ ስላሉ አባዬ «ተቀምጠሽ ይቅርታ ጻፊላቸው» ብሎ አዘዘኝ። «ያቺ ምላሳም እግሬ ላይ ሳትወድቅ የወንድሜን ደጅ አልረግጥም» ብለዋል አሉ። እንግዲያው ደብዳቤውን እንደከፈቱ ይልቀቁት፤ እግርዎ ላይ ይወድቅልዎታል።

በእህቴ ሰርግ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣

«የጥርሱ ነገር ግርም ያሰኛል፣
ሥጋ ሲመጣ ኪስ ውስጥ ይተኛል»

ብዬ ስለዘፈንኩብዎ ይቅርታ። ሰው ሠራሽ ጥርስዎ የሚተኛው ኪስ ሳይሆን መሀረብ ውስጥ መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት።

አባዬን «ጨዋታና ስድብ የማትለይ ልጅ አሳደግህ» ብለውታል። እለያለሁ እኮ! አራብሶን ያስተማራችሁን እናንተ ትልልቆቹ ናችሁ። ሴት ልጅ ስትዳር እኛ ልጃገረዶቹ ሚዜዎቹን በዘፈን እንሰድባለን፣ እነሱም በዘፈን ይመልሳሉ፣ ከዚያ አንድ ላይ ይበላል። ያን ቀን አንዱን ሚዜ «ሱፍህ የአባትህ ነው» ስንለው «ሹሩባችሁ የፈረስ ጭራ ነው» ብሎ አፋችንን አስያዘን። መመለስ የሚችል ሰው ነው የሚሰደበው። እርስዎም ምላስ አለዎት፤ ግን ጋቢዎን ሰብስበው ወጡ።

ታናሽ ወንድሜ ዲሪባ ግን ምን ብሎ ይመልስልዎ? እሱ ይንተባተባል፤ አፉን በከፈተ ቁጥር «ባትሪው ወርዷል፣ ግፉት!» ይሉታል። ሰው ይስቃል፤ እሱም አብሮ ይስቃል፤ እርስዎም «አየሽ፣ ይወደዋል» ይሉኛል። ሲስቅ እጁን አይተውት አያውቁም። አውራ ጣቱን እስኪነጣ ድረስ ጡጫው ውስጥ ይጨምቀዋል።

ብቸኛ ወንድማችን ነውና ሙሽራውን «እህቴን አደራ» የሚለው እሱ ነበር። በረት ገብቶ ስንት ቀን ሲለማመድ ሰምቼዋለሁ፤ ላሞቹ አንዴም አልሳቁበትም። በሰርጉ ዕለት ተነሥቶ «እ... እህ...» ሲል እርስዎ ከድንኳኑ መሀል «ግፉት!» አሉ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ልጁ ቁጭ አለ። ዘፈኑን ከሚዜዎቹ ወደ እርስዎ ያዞርኩት ያኔ ነው። እህቴም አደራ ሳይባልላት ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ዲሪባ ከማንም ጋር አይነጋገርም። ዳቦ ሲፈልግ እንኳ በጣቱ ነው የሚያሳየው። እሁድ መልስ ነው፤ ሙሽሮቹ ሲመጡ አደራውን እንዲናገር ለምነነዋል። እርስዎ ከመጡ ግን ጫንጮ ያለችው አክስቴ ጋ እንደሚሄድ ስልኩ ላይ ጽፎ አሳየኝ።

ስለዚህ ከመጡ፣ ልጁ ቃሉን እስኪጨርስ አፍዎን ይዘው ይቀመጡ፤ ቢመሽም ይምሽ። ይህን ካልቻሉ ቡራዩም ደስ የሚል ከተማ ነው። «ግፉት» ካሉ ደግሞ ስለ ፀጉር ቀለምዎ ገና አልዘፈንኩም።

ይህን ሁሉ ለአባዬ አነበብኩለት። «ቅደጂው» ይለኛል ብዬ ስጠብቅ መሬት መሬቱን ያያል። «ግፉት» ያሉበትን ቦታ ደግሜ እንዳነብ አደረገኝ። ከዚያ «ይ... ይ... ይላክ» አለ። አባዬ እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። አብረውት ያደጉት እርስዎ ነዎትና ምክንያቱን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

እግዜር ዕድሜ ይስጥዎ፤ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ የሚያስጠብቅ ትዕግሥትም አብሮ ይስጥዎ።

የወንድምዎ ልጅ፣
ምላሳሟ