ከእመቤታችን ዙፋን ስር ሁለት ጣት አጠርኩ

ውድ እህቴ ሬሜዲዮስ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ይዞሻል? የጀርመን ብርድ ያሰረው ወገብሽስ ተፈታልሽ? ባልሽ ኦቶና ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማማም ሰማንያዋን ደፍና ሁላችንንም እንደ ሻምበል እያዘዘችን ትገኛለች።

ስለ ዘንድሮው የጸሎተ ሐሙስ ዑደት ጻፍልኝ ብለሽኝ አልነበር? እንግዲያው ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ ቆመሽ የሚነበብ አይደለም።

ሰሞነ ሕማማት ሳይገባ አለቃችን ዶን ክሪስፒን እንደ ወጉ የእመቤታችንን ሐውልት ከነዙፋኗ ከስር ገብተን የምንሸከመውን ሁሉ አሰልፎ ቁመታችንን ለካ። ረጅሙ ከፊት፣ አጭሩ ከኋላ ነው። አግዳሚው እንጨት ማጅራቱን የማይነካው ሰው በእመቤታችን ዙፋን ስር እንዲሁ ይንሸራሸራል፣ ድርሻውም ጎረቤቱ ላይ ይወድቃል። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ዘንድሮ ግን እጁን ማጅራቴ ላይ ጫን አድርጎ፣ «ሊቦሪዮ፣ ሁለት ጣት አጥረሃል። ውጣ!» አለኝ። ደሜ ፈላ። «አምና ማጅራቴ የተላጠው ታዲያ ፀሐይ መትቶኝ ነው?» ብዬ ጮህኩበት።

ይሄኔ ዳሚያን ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሁሌ ከጎኔ የሚሸከመውም፣ እንጨቱ እንዳይልጠኝ ማጅራቴ ላይ የማደርገውን ጥምጥም የሚያስርልኝም እሱ ነው። ለካስ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚስቱን የሱፍ ካልሲ ጥምጥሜ ውስጥ እየወሸቀ ቁመቴን ሲሞላልኝ ኖሯል! «ምን ላድርግ፣ ብነግርህ ትሞትብኛለህ ብዬ ነው» አለ። ልቆጣው አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ዶን ክሪስፒን ግን የወፈረ ጥምጥም ተንሸራቶ አንገት ይሰብራል ብሎ እንቢ አለ። ክፍት ቦታ የተገኘው መጨረሻው ረድፍ ላይ ብቻ ነበር፤ ዕድሜ ልኬን «ጫጩቶች» እያልኩ ከተሳለቅኩባቸው አጫጭሮች ዘንድ።

ሦስት ቀን አኮረፍኩ። ከዙፋኑ ስር ሳልገባ ጸሎተ ሐሙስን ማሳለፍ ግን አልሆንልህ ስላለኝ በአራተኛው ቀን ሄድኩ። ጫጩቶቹም «አያ ረጅሙ፣ ጎንበስ ብለህ ግባ፣ ጣሪያው እንዳይመታህ!» ብለው ተቀበሉኝ።

ሐሙስ ዕለት ቤታችን ደጃፍ ደርሰን ለእረፍት ዙፋኑን ስናወርድ፣ እማማ ዙሪያውን ከሸፈነን መጋረጃ በታች የሚታየውን እግር አንድ በአንድ ስታይ ጫማዬን ከሦስተኛው ረድፍ አጣችው። «ልጄን የት ጣላችሁት?» ብላ ስትጮህ ከበሮው ሁሉ ቆመ። «እማማ፣ እዚህ ነኝ፣ ከጫጩቶቹ ጋር!» አልኩ ከስር። መንገዱ በሳቅ ፈነዳ። እሷም መጥታ መጋረጃውን ገልጣ አየችኝ። ያፈርኩትን ማፈር አትጠይቂኝ። እማማ ግን ሰው ሁሉ እየሰማ «ምን ያስጎነብስሃል፣ አባትህም መጨረሻ ላይ እዚሁ ነበር» አለች።

እህት ዓለም፣ አባባ! «ሸክም እስካቆምኩበት ቀን ከሦስተኛው ረድፍ ንቅንቅ አላልኩም» እያለ ሲፎክርብን የኖረው አባባ! ያኔ አንቺ ጀርመን፣ እኔ ውትድርና ነበርን፤ ለልጆቹ እንዳትነግሪ ስላላት ይኸው እስከ ዘንድሮ በሆዷ ይዛው ኖረች። አለቃው «አንሱ» ለማለት ዙፋኑን ሲያንኳኳ ብድግ አልን፤ እንጨቱም ማጅራቴ ላይ ክብድ ብሎ አረፈ። እየሳቅኩም እያለቀስኩም አባባ በቆመበት ቆሜ ሄድኩ።

ኦቶን ሰላም በይልኝ፣ ኢንግሪድንና ትንሹን ማርቲንን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ባለቤቴ ኤንካርናም፣ ዳሚያንም እጅግ አድርገው ሰላም ብለውሻል። እማማም ሰላም እያለችሽ፣ ገና ያልወጣ የአባታችሁ ምስጢር አለኝ፣ ሬሜዲዮስ ራሷ መጥታ አጠገቤ ካልተቀመጠች ግን ትንፍሽ አልልም ብላለች።

ወንድምሽ ሊቦሪዮ
ቪያሞራ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1998