ሱሪዬና የአማቼ ግንባታ

ጥቅምት 4

ተነሣሁ። ተላጨሁ። ሱሪዬን ተኮስኩ። ደህና ቀን... አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ግንባታ ጀምሯል። ግንባታ ነው የሚለው! አንድ ምስማር ሲመታ ሁለት ጣቱን የሚመታ ሰው።

«ምን ልትገነባ ነው፣ መሐንዲሱ?»

«የሶፍትዌር መሥሪያ ኪት ነው፣ አባባ። ሌላ ፕሮግራም የሚሠራበት መሣሪያ።»

«ቤቱን ሳይሆን መዶሻውን ነዋ!»

«እ... እንደዚያ በሉት።»

«መዶሻ ሱቅ ጠፋ?»

ዝግጁው ኪት ለዚህ አሮጌ ኮምፒውተር አይሆንም፤ ስሪቱ ስላረጀ ሠሪዎቹ ድጋፍ አቋርጠውበታል አለ። የኮዱን ጽሑፍ ከምንጩ አምጥቶ ራሱ መገንባት አለበት። ከምንጩ! ጀሪካን ላቀብልህ ብዬ ተነሣሁ። ልጄ ከኩሽና «አባዬ!» አለች። እኔ ምን አልኩ?

ጥቅምት 5

ለካ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ልጄ ለብቻዬ ነገረችኝ። መሥሪያ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ሥራ የለውም፤ እኔ ጋ የገቡትም ለዚያ ነው። አሁን አንድ ድርጅት ሊቀጥረው ፈልጓል። ሰኞ ጥቅምት 13 ኪቱን ገንብቶ፣ በሱ የሠራውን ትንሽ ፕሮግራም ካሳየ። ካላሳየስ? ሩቅ ከተማ ወንድሙ መጋዘን ገብቶ ካርቶን ሊደረድር። ሚስቱንና ልጁን ይዞ። ማለት ልጄንና የልጅ ልጄን ይዞ...

እሱ ቢሄድ እንኳ ግድ የለኝም። ማንን አበሽቃለሁ ግን?

ጥቅምት 7

ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ። ምን ይላል አልኩት። «ጥገኛ ጎድሏል» ብሎ ተረጎመልኝ።

«እዚህ ቤት ደግሞ ጥገኛ ጎድሎ ያውቃል?»

አመለጠኝ። የሚስቅ መስሎኝ... ማንም አልሳቀም። ልጄ ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገችው። እሱ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ ጠረገ። ከዚያ ድምፁን ሳያነሣ አስረዳኝ። በነሱ ሙያ ጥገኛ የሚሉት የሚንጠላጠለውን አይደለም፤ የሚንጠላጠሉበትን ነው። እሱ ከሌለ ሌላው አይቆምም።

የተገላቢጦሽ ሙያ! ስሙን ማን አወጣላችሁ ብዬ ወደ ክፍሌ ሹልክ አልኩ።

ጥቅምት 9

የጎደለው ሁሉ ተሟላ፤ ግንባታው ተጀመረ። ኮምፒውተሩ እንደ እኔ ያንኮራፋል። ባትሪው የሞተ ስለሆነ መብራት ለአፍታ ከሄደበት አለቀለት። ነገ ይጨርሳል ተብሏል።

ጥቅምት 10

ምን ነካኝ...

ጓደኞቼ ጋ ልሄድ ካውያ ሰካሁ። ልጄ ምድጃውን ለኩሳለች። ቆጣሪው ሁለታችንን አልቻለም። ጧ! ቤቱ ድርግም። አማቼ ከወንበሩ ተነሣ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ግንባታው ሰማንያ ሁለት በመቶ ደርሶ ነበር። የተሠራው ተበላሽቷል፤ እንደገና ከዜሮ።

ሱሪዬን ልተኩስ ብዬ አማቼን ተኮስኩት።

የልጅ ልጄ መጣች። «አያቴ፣ አባቢ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውኃ ከፍቷል። ግን እየታጠበ አይደለም።»

ጥቅምት 11

ይቅርታ አላልኩትም። አፌ አልለመደውም። ወንበሬን ቆጣሪው ሥር ተከልኩና ተቀመጥኩ። ካውያ ክልክል። ምድጃ ክልክል። ምሳ ቀዝቃዛ በላን። ልጄ የፀጉር ማድረቂያዋን ይዛ ብቅ አለች።

«ከዚህ ዞር በይ!»

«ኧረ አባዬ፣ ፀጉሬ እርጥብ ነው!»

«ፀሐይ ምን ሠርታ ትበላለች?»

ከሰዓት ጓደኛዬ ፀጉር አስተካካዩ ምነው ቀረህ ብሎ መጣ። ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ይሄን ሱሪ ላም አኝካ ነው የሰጠችህ?»

«ግንባታ ላይ ነኝ» አልኩት።

ጥቅምት 12

አለቀ! «ተጠናቀቀ» የምትል አንዲት ቃል ወጣች፣ በቃ። ይኸው ነው? ሪባን እንኳ አይቆረጥም?

«አሁን መጫን ይቀራል» አለ።

«አህያው የታል?»

ሳቀ። እውነቴን ነው፣ ሳቀ። ኪቱን ጭኖ ትንሿን ፕሮግራም ሠራ፤ የልጅ ልጄ ቁልፉን ስትጫን ስክሪኑ ሰላም አላት። እሷም መልሳ ሰላም አለችው።

ማታ ሸሚዙን ተኮስኩለት። ኮምፒውተሩ ከተዘጋ በኋላ።

ጥቅምት 13

ሄደ። እስኪመለስ አንድ ጋዜጣ ሦስቴ አነበብኩ። አሳይቷል። «እንደውልልሃለን» ብለውታል። እንደውልልሃለን ምን ማለት ነው?

ጥቅምት 20

ደወሉ። ተቀጠረ። መጋዘኑ ቀረ።

ልጄ ደስታውን ለማክበር ካልወጣን አለች፤ ሁላችንም ወጣን። ደረጃው ላይ ጉልበቴ እንደ ልማዱ አመፀ፤ አማቼ ክንዴን ያዘኝ። ዝም ብዬ መውረድ ስችል...

«እንግዲህ ባለ ደመወዝ ሆነሃል፤ ቤት ፈልግና ውጣልኝ።»

«አባባ» አለኝ፣ ፊቱ ላይ ምንም የለም፣ «የእርስዎ ስሪት እኮ በጣም አርጅቷል። ለዚህኛው ድጋፍ ከተቋረጠ ቆየ። ደጋፊ ሆኜ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

ክንዴን ግን አጥብቆ ይዟል። ልጄ ከኋላ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት የደረጃውን ብረት ተደግፋ ቀረች። እዚህ ቤት ከገባ ጀምሮ አንድ ቀን መልሶልኝ አያውቅም! ይኸው አሁንም ብዕር ይዤ መልሷን እያሰብኩ ነው።

ቆይ ብቻ። ቁርስ ላይ ያገኛታል።