ጠበል የተረጨበት ብስክሌት

ይድረስ ለልጄ ለምስጢር፤ የአዘዞው ተክለ ሃይማኖት በሄድሽበት ይከተልሽ። እኛ ደህና ነን፣ ክብር ለእሱ ይሁን።

ወደ ሥራ የምትመላለሺበትን ብስክሌት ከመግዛትሽ በፊት የሁለት ብስክሌቶችን ፎቶ ልከሽ ስላማከርሽን ተባረኪ፤ ደስታው አስለቀሰኝ። አባትሽ ማክሰኝት ገበያ በቅሎ እንደሚመርጡ ሆነው አዩዋቸው። «ቀጭኑ አጉብጦ ያስኬዳታል። ባለ ቅርጫቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ በቀሚስም ይወጡበታል፤ ሸጋው እሱ ነው» አሉ። ከዚያ፣ ቄስ አይደሉ፣ የባለ ቅርጫቱ ፎቶ ስልኬ ላይ እንዳለ ጠበል ረጩበት። ስልኬ ያኔውኑ ጠፋ፤ ዛሬ በወረቀት የምጽፍልሽ ለዚህ ነው።

ለስልኩ አትዘኚ፣ እኔም አላዘንኩም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ሌላው ቢረክስም እንዳትገዢ፣ የተባረከው ባለ ቅርጫቱ ነው። ስልኬን የበላው ጠበል አንቺን ይጠብቅልኝ።

እናትሽ እንኳየሁ