ብስክሌቱን ለጆቴ አልሰጥም

ነቀምቴ፣ ታኅሣሥ ፭ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለምወድህና ለምናፍቅህ ልጄ ለመርጋ ጨመዳ
ስዊድን አገር

እንዴት ሰነበትክ? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ጉልበቴም ደህና ነው። አጎትህ ጆቴ የጻፈልህን ትተህ እኔን ብታምነኝ ጭንቅላቴም ደህና ነው። መናደዴን ግን አልደብቅህም። ሰላምታውን በወጉ ላሳምር ብዬ ጀምሬ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ እንዲሁ ተቀበለኝ።

ለአጎትህ የላክኸው ደብዳቤ ደርሶታል። ለእኔ አምጥቶ አላሳየኝም። እሁድ ከጸሎት በኋላ፣ ሰው ደጅ ቆሞ ሰላምታ በሚለዋወጥበት ሰዓት፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ጮክ ብሎ አነበበው። «የአባቴን ብስክሌት አጎቴ ይረከብ፤ እናቴም በሐዘኗ ላይ ሆና አገር ለአገር መዞሯን ትታ ቤቷ ትረፍ» ብለሃል። የወለድኩት ልጅ እኔን ሳይጠይቅ እንደፈረደብኝ ከጆቴ አፍ ሰማሁ። ሰዎቹ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። እኔ የማፍርበት ነገር ስላልነበረኝ አልጣልኩም።

በሳምንቱ ጆቴ ከወንጌል ማኅበራችን ሽማግሌዎች ጋር መጣና «እንግዲህ ባለቤቱ ፈቅዷል፤ ብስክሌቱን አውጪ» አለኝ። ባለቤቱ አንተ መሆንህ ነው። ወራሽ ነህና ቃልህን መናቅ አልችልም፤ ነገር ግን «ልጄ የጻፈው ካንተ ሰምቶ ነው፤ ከእኔም ሰምቶ ይጻፍ» ብዬ በሩን ዘጋሁባቸው። ለገና ተመልሰን እንመጣለን ብለው ሄደዋል። ጆቴ ብስክሌቱን ለምን እንደፈለገው ታውቃለህ? አርጆ ለቡና ንግዱ ሊመላለስበት ነው። ይህን አልጻፈልህማ!

በል አሁን ከእኔ ስማ።

ጆቴ ሱሪ ለበሰች ብሎ የጻፈልህ እውነት ነው። የአባትህን ሱሪ ከቀሚሴ ሥር ለብሻለሁ። ምን ልልበስ ኖሯል? ቀሚሴ ሰንሰለቱ ውስጥ ሲገባ ጆቴ መጥቶ ያወጣልኛል? የሆስፒታሉ ፈረንጅ ሲስተር በብስክሌት ስታልፍ እነዚሁ ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን ያነሱላታል፤ ትጉህ ናት ይሏታል። እኔ ስነዳ ቀወሰች ተባለ። የእኔ እግር ከእሷ እግር በምን ያንሳል? ደግሞ ዛሬ የጀመርኩት አይደለም። አንተ ሳትወለድ አባትህ ነው ያስተማረኝ። ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ፣ ለቅቆኝ እንኳ «ይዤሻለሁ!» እያለ እየዋሸኝ።

ለምን ሄድሽ ብለህ ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግርህ ነበር። አባትህ ዕድሜውን ሙሉ ከአኖ ወዲያ ወደ ቢላ በኩል ለወንጌል ሲመላለስ፣ በተመለሰ ቁጥር ወሬው ስለ ሐይቆቹ ነበር። ውሃው ጠዋት እንዴት እንደሚያጨስ፣ ወፎቹ እንዴት እንደሚያርፉ፣ በኮረብታው ላይ የጥንት ባላባት ግቢ እንዴት ፈርሶ እንደቀረ። «መንገዱ ሲደርቅ እወስድሻለሁ» ይለኝ ነበር። መንገዱ በየዓመቱ ይደርቃል፤ እኛ ደግሞ በየዓመቱ አንድ ነገር ይይዘናል፤ ክርስትናው፣ ለቅሶው፣ የአንተ ትምህርት። በክረምቱ አባትህ ሞተ፤ በጥቅምት መንገዱ ደረቀ። ተነሥቼ ሄድኩ። ይኸው ነው እብደቴ።

ባለሱቁ ረዲ የጎማውን ካላማዳሪ ለጥፎ፣ መንፊያውን ከኋላ አስሮ ሰጠኝ። የት ነው የምትሄጂው ብሎ ያላሰለቸኝ እሱ ብቻ ነው። የአባትህን ካፖርት ደረብኩ፤ መጽሐፍ ቅዱሱን የሚይዝበትን ቦርሳ መሪው ላይ ሰቀልኩ። ዳገት ዳገቱን እየገፋሁ፣ ቁልቁለት ቁልቁለቱን ፍሬን እያስጮህኩ ወረድኩ። የጭነት መኪና ሹፌሮች በመስኮት አንገታቸውን እያወጡ ይስቁብኛል፤ እኔም እስቅባቸዋለሁ። አኖ ላይ አዴ ሎሚ የሚሏቸው ሴት ቤት አደርኩ። በማግሥቱ ታጥፌ የቢላን መንገድ ስይዝ አቧራውም ጫጫታውም ቀረ።

መርጋ፣ ምን ልበልህ! ሐይቆቹ እሱ እንዳለው ናቸው። እንዲያውም አሳንሶ ነው የነገረኝ። በደንገሉ መካከል ነጫጭ ወፎች ቆመዋል፤ ብስክሌት ስለማይጮህ አጠገባቸው ስደርስ እንኳ አልተነሱም። ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ ቂጣዬን በላሁ። ደስ አለኝ። አዎ፣ በሐዘኔ ላይ ሆኜ ደስ አለኝ፤ ይህንንም ለጆቴ ንገረው።

ከዚያ ወደ ፍርስራሹ ወጣሁ። የአገሩ ሰው መሰራ ይለዋል፤ ቤተ መንግሥት ማለታቸው ነው። የድንጋይ አጥሩ ግማሹ ቆሟል፤ የሾላ ሥር በበሩ ላይ ተጠምጥሟል፤ ባላባቱ ይፈርድበት የነበረው ሜዳ የፍየል መዋያ ሆኗል። ፍየሎቹ በሩ ላይ ተኝተው አላሳልፍ ቢሉኝ የብስክሌቱን ደወል ደወልኩ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ለፍየል ነው የደወልኩት።

ሰው ከየማሳውና ከየጎጆው መሮጥ ጀመረ። ሴቶቹ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ፣ ወንዶቹ የመዝሙር መጽሐፋቸውን ይዘው። አባትህ በመጣ ቁጥር ከመሰራው በር ላይ ደውሎ ለጸሎት ይሰበስባቸው ነበርና እሱ የመጣ መሰላቸው። አባ ዱቤ የሚባሉ ሽማግሌ ከፊት ከፊት «አባ መርጋ! በጋ ነጋን ዱፍቴ!» እያሉ፣ እንኳን በሰላም መጣህ እያሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው መጡ። ካፖርቱን አዩ። ከዚያ ፊቴን አዩ።

«ሃደ መርጋ ነኝ» አልኩ፤ የመርጋ እናት።

«አባ መርጋስ?»

አንገቴን ደፍቼ ካፖርቱን በእጄ ዳሰስኩ። ገባቸው።

አሁን ደሜ የፈላበትን ነገር ስማ። በቀብሩ ዕለት ጆቴ በሰው ሁሉ ፊት ቆሞ «ወንድሜ ላስተማራቸው ሁሉ መርዶ ልኬአለሁ» ብሎ ነበር። ወደ ሐይቆቹ ማንንም አልላከም! አባ ዱቤ ምን እንዳሉኝ ልንገርህ፤ «እሱ መሬት ውስጥ ሆኖ እኛ ክረምቱን ሙሉ ጤና ስጠው፣ መንገዱን አቅናለት እያልን ስንጸልይ ከረምን?» አሉኝ። ስመለስ ጆቴን ስጠይቀው «እዚያ ድረስ ማን ይሄዳል» አለኝ። ወንድሙ ዕድሜውን ሙሉ የሄደበትን መንገድ!

ጆቴ ሰውን ለብስክሌት አሰገደች ብሎ የጻፈልህም ይህ ነው፤ ቆርጦ ቀጥሎ። የሆነው እንዲህ ነው። በዚያ አገር ወንድ ሲሞት ፈረሱ ልብሱ ተጭኖበት በለቅሶው ሜዳ ይዞራል። አባ ዱቤ ዕንባቸውን ጠርገው «ፈረሱ የት አለ?» ብለው ጠየቁ። ከመጠየቃቸው ዓይናቸው ብስክሌቱ ላይ ዐረፈ። «ፈረሱማ ይኸው ነው» አሉ። ካፖርቱን ከትከሻዬ አውልቀው ኮርቻው ላይ ጫኑት፤ ቦርሳው እንደተሰቀለ ነው። ሜዳው ላይ አዞሩት። ሴቶቹ በኦሮምኛ እያለቀሱ የተሻገረውን ወንዝ ሁሉ በስሙ ይጠሩ ነበር፤ «ጭቃው ያልመለሰህ፣ ሙላቱ ያልመለሰህ፣ ዛሬ ምን መለሰህ?» እያሉ። የሰገደ የለም። ያለቀሰ ግን ሁሉም ነው። ባለፈው ዓመት እዚህ ነቀምቴ አንድ ሀብታም ባላባት ሞቶ ፈረሱ ሲዞር ሽማግሌዎቻችን ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው አላየሁም? የሀብታም ሲሆን ወግ፣ የአባትህ የጨመዳ ሲሆን ጣዖት ሆነ? ጆቴ ደግሞ «ድሮም የጎጃሜ ልጅ ናት፣ የእኛን ወግ ምን ታውቃለች» ይላል። ወጉን ያከበርኩለት እኔ፣ የረሳው እሱ!

ሌላም ልንገርህ። እዚህ ነቀምቴ በቀብሩ ዕለት አላለቀስኩም። ጆቴና ሽማግሌዎቹ «አማኝ አይጮህም፤ ወደ ጌታው ነው የሄደ» እያሉ ግራና ቀኝ ክንዴን ይዘው ዝም አሰኙኝ። ድምፄን ዋጥኩት፤ እስከ ጥቅምት ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በዚያ ፍርስራሽ ውስጥ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች መካከል፣ አውጥቼ ጮህኩት። አባትህም ጌታም የተቀየሙኝ አይመስለኝም።

ሲመሽ በቤታቸው አሳደሩኝ። ጠዋት ልሰናበት ስል «ከእንግዲህ ማን ይመጣልናል?» አሉኝ። ማኅበሩ ሌላ ሰው አልመደበም፤ እንደማይመድብም አውቃለሁ። «እኔ እመጣለሁ፤ ለገና መጥቼ አነብላችኋለሁ» አልኳቸው። ሴት ሆና ልትሰብክ ነው ይሉሃል። ማንበብ ነው ያልኩት፤ መስበክ አላልኩም። ቢያሰኘኝም ግን እሰብክ ይሆናል። እንግዲህ ብስክሌቱ ለጆቴ ከሄደ እዚያ የሚደርስላቸው የለም፤ መርዶ እንኳ ሳይላክላቸው የተረሱትን ሰዎች እኔም ቃሌን አጥፌ ሁለተኛ እረሳቸዋለሁ። ነገሩ ይህ ነው፤ ለብረት ብዬ አይደለም የምጣላው።

ስለዚህ «አልፈቅድም፤ ቃሌን መልሻለሁ» ብለህ ለአጎትህ ጻፍለት። ብትጽፍ ደስ ይለኛል። ባትጽፍም ወይም ደብዳቤህ ቢዘገይ፣ ከገና ሳምንት ቀድሜ ሌሊቱ ሲነጋ በብስክሌቱ እነሣለሁ፤ ለገና ሲመጡ በሩን ዝግ ያገኙታል። ይህን የምነግርህ እንዳትደነግጥ ነው፤ ፈቃድ ልጠይቅህ አይደለም።

ከአንተ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ብስክሌቱን ሊያዞሩት ሲሉ አባ ዱቤ ቆም ብለው ዞር ዞር አሉ። «ልጓሙን የሚይዝ የሟች ልጅ ነው፤ መርጋ የት አለ?» አሉኝ። ባሕር ማዶ ነው አልኳቸው። መሪውን እኔው ያዝኩ። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ «ልጁ አባቱን አልቅሶታል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።

መርጋ፣ አባትህ ከሞተ ወዲህ ከአንተ የመጣው ደብዳቤ ሁሉ ስለ ቤቱ፣ ስለ ብስክሌቱ፣ ስለ ስማችን ነው። እንዴት ሞተ? ምን ብሎ ሞተ? አላልክም። በእነዚያ ሰዎች ፊት ግን «አልቅሷል፤ ጽፎልኛል» አልኳቸው። አባ ዱቤም «ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝና ለቅሶው ቀጠለ።

አምላክ ከጤናህ አያጉድልብህ፤ በሰው አገር ሰው አያሳጣህ፤ የጀመርከውን አስጨርሶ ለዓይኔ ያብቃህ። ልጄ፣ ስለ ብስክሌቱ የፈለግኸውን ጻፍ። ለአባ ዱቤ የነገርኳቸውን ግን ውሸት አታድርግብኝ።

እናትህ
ማዘንጊያ