የአቶ ይርሳው ገብረ መድህን እና የጎባጣው ግድግዳቸው የሕይወት ታሪክ

አቶ ይርሳው ገብረ መድህን ከአባታቸው ከአቶ ገብረ መድህን ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለላ በየነ በ1914 ዓ.ም. በሳጉሬ ተወለዱ። አዋላጇ እንደመሰከሩት፣ ገና ሲወለዱ ዓይናቸውን የጣሉት በእናታቸው ላይ ሳይሆን በጓዳው ግድግዳ ላይ ነበር፤ አይተውም አለቀሱ። ያለ ምክንያት አላለቀሱም፤ ግድግዳው ጎባጣ ነበር።

በልጅነታቸው ፊደል ከቄስ ቆጠሩ፤ ካደጉ በኋላ ደግሞ አሰላ ከቀረ አንድ ጣሊያን አናጺነትን ተማሩ። ጣሊያኑም ብዙ ሳይቆይ “ከዚህ በላይ የማስተምርህ የለኝም” ብሎ መሮውን አስረከባቸውና ወደ አገሩ ተመለሰ፤ እዚያም ሙያውን በሀፍረት እርግፍ አድርጎ እንደተወ ይወራል። ከዚያ ወዲህ ከአሰላ እስከ ጎበሳ፣ ከጎበሳ እስከ ኦጎልቾ፣ የእርሳቸው እጅ ያላረፈበት በር ቢኖር የማይዘጋው ብቻ ነው።

ስማቸውን ያስጠራው ግን ዞኮሎ ነው፤ ከግድግዳው ሥር ወለሉን ተከትሎ የሚሄደው ጣውላ። ዛሬ መዶሻ ያነገበ አናጺ ነኝ ባይ ሁሉ ጣውላውን ዝም ብሎ ይቸነክርና ከግድግዳው ጋር የቀረውን ክፍተት በስቱኮ ይደፍነዋል። አቶ ይርሳው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የእግዜር ሰላምታም አይሰጡም ነበር። ለቅሶ ቢደርሱ፣ ሰርግ ቢጠሩ፣ መጀመሪያ የሚያዩት የግድግዳውን እግር ነው። በ1960 ዓ.ም. ከሌላ አገር ተሹመው የመጡ አንድ ባለሥልጣን ቤታቸውን ሲያስመርቁ፣ አቶ ይርሳው ጎንበስ ብለው አዩና “ጌታዬ፣ ስቱኮው የረገፈ ዕለት በዚህ ቀዳዳ አይጥ ከነሚዜዎቿ ታልፋለች” አሉ። ከዚያ ቤት ዳግመኛ አልተጠሩም። እርሳቸውም “ምን የሚታይ ነገር አለና” ብለው አልተቆጩም።

በ1942 ዓ.ም. ወይዘሮ አሰፋች ወልደአማኑኤልን በሕግ አግብተው አንዲት ልጃቸውን የውብዳርን ወለዱ። ነገር የመጣው በ1961 ዓ.ም. አሰላ ላይ የራሳቸውን ቤት ሲሠሩ ነው። አማታቸው አቶ ወልደአማኑኤል ለልጃቸው ብለው ከሳጉሬ መጡና፣ የሳሎኑን ግድግዳ ማንንም ሳያስነኩ በገዛ እጃቸው መረጉት። ጭቃው ሲደርቅ ግድግዳው መሐሉ ላይ አብጦ ቀረ። አቶ ይርሳው ቱምቢያቸውን አንጠለጠሉና፣ ለምረቃ በመጣው ሰው ሁሉ ፊት፣ “አባቴ፣ ይህ ግድግዳ አይደለም፤ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ናት። የእኔ ጣውላ እንዲህ ያለውን አይነካም” አሉ።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። “እንግዲያው እንጨትህ ግድግዳዬን እስኪነካ ድረስ እግሬም ደጅህን አይረግጥም” ብለው ሄዱ። ቃላቸውንም ጠበቁ። ወይዘሮ አሰፋች በዓል በመጣ ቁጥር ብቻቸውን ሳጉሬ ሄደው አባታቸውን ጠይቀው ይመለሱ ነበር። የከተማውን ግድግዳ ሁሉ ሲያሳፍሩ የኖሩት ሰው የገዛ ሳሎናቸው ያለ ዞኮሎ ባዶ እግሩን ቀረ። የአሰላ አናጺ ሁሉ በዚህ ሳቀ፤ ሳቁም እንደ ሥራው ያልተላገ ነበር።

በ1965 ዓ.ም. የውብዳርን የሚጠይቅ ሽማግሌ ሊላክ መሆኑ ተሰማ። ወይዘሮ አሰፋች “አባቴ ከፊት ካልተቀመጡ ሽማግሌ አልቀበልም። አያቷ በሌሉበት ተሰጠች አትባልም ልጄ” አሉ። መካሪ በየፊናው ተነሥቶ “ጉብታውን በመጥረቢያ ማንሣት ነው” ቢል፣ “አባቴ የመረጉትን የነኩ ዕለት እኔንም አብረው ያፍርሱኝ!” ብለው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

ይህን የሰሙት የጎበሳው ጣውላ ነጋዴ፣ የልብ ወዳጃቸው አቶ ከዲሮ ቱሳ፣ ወፍራም የጥድ ጣውላ ጭነው ደረሱ። “አቦ ይርሳው! ግድግዳው ወዳንተ አይመጣም፤ የልጅህ ፀጉር ሳይሸብት አንተ ወደ እሱ ሂድ” አሏቸው።

“ለዚህ ጭቃ?”

“ለዚህ ጭቃ! አገሩን ሁሉ ስትንቅ ኖረህ፣ ወላሂ፣ አንዱን ጭቃ ፈራህ።”

“ፈራህ” የምትለዋ ቃል ሠራች። አቶ ይርሳው ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። ግድግዳውን በጣታቸው እያንኳኩ፣ ሚስማር የሚይዘውን ቋሚ ከጭቃው ለዩ። ጣውላውን አስጠግተው፣ እርሳሱን በትንሽ ቁራጭ እንጨት ደግፈው፣ ግድግዳውን እየታከኩ የጉብታውን መልክ በጣውላው አናት ላይ አሰመሩ። ከዚያ ጀርባውን በመሮ ቦረቦሩት፤ ግድግዳው ባበጠበት ጣውላው ሳሳ፣ በጎደጎደበት ወፈረ፤ ፊቱ ግን እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ቀረ። እየሠሩ ግድግዳውን ሲሰድቡት ዋሉ፤ ስድቡ እዚህ አይነበብም፣ ቄሶች ቆመዋል። አውሮፓ ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለ ዞኮሎ እንደሌለ፣ አውሮፓን ያየ ሰው በመካከላችን ቢኖር ይመሰክር ነበር።

ሽማግሌ በሚመጣበት እሑድ ማለዳ አቶ ወልደአማኑኤል ተልኮባቸው መጡና፣ ደጁን ሳይረግጡ ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። ቀጭን ሣር ነቅለው ለአቶ ከዲሮ ሰጡና “በእንጨቱና በግድግዳዬ መሐል ይህች ከገባች፣ እኔ አልገባም” አሉ። አቶ ከዲሮ ከዳር እስከ ዳር ሞከሩ። ሣሯ ታጠፈች እንጂ አልገባችም።

አቶ ወልደአማኑኤል ገቡ። ጎንበስ ብለው የጣውላውን ፊት አዩ፣ ቀና ብለውም አማቻቸውን አዩ። “ይኸው፣ እንጨቱ ቀጥ ብሏል! እንጨቱ ቀጥ ካለ ግድግዳዬም ቀጥ ያለ ነው። ያኔም ብዬህ ነበር!”

አቶ ከዲሮ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አቶ ይርሳው አፋቸውን ከፈቱ፤ ልጃቸውን አዩና ዘጉት። እንደገና ከፍተው፣ “አዎ አባቴ፣ ቀጥ ያለ ነው” አሉ። በዘመናቸው የተናገሩት ብቸኛ ውሸት ይህ ነው። የውብዳርም በዚያ ቀን አያቷ ከፊት ተቀምጠው ተሰጠች።

ዘንድሮ ሰው ሁሉ ስለ ሰልፍና ስለ አዋጅ ሲያወራ፣ አቶ ይርሳው በጉበት ሕመም ተኝተው የሚያወሩት ስለ ክፍሉ ማዕዘን ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሰኔ 9 ቀን 1966 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው አረፉ። ሳጥናቸውን የሠራው ሰው መጋጠሚያውን በስቱኮ ደፍኖታል፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለው፣ እርሳቸው ግን አይሉትም።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ አንድ የልጅ ልጅና አማታቸውን ትተው ሄደዋል። አቶ ወልደአማኑኤል ዛሬም ግድግዳዬ ቀጥ ያለ ነው ይላሉ፤ የሚከራከራቸው ግን የለም፤ ትናንት ማታ ይህንኑ ብለው ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ።

አምላክ ነፍሳቸውን ግድግዳው ቀጥ ባለ ቤት ያሳርፍልን። ጎባጣ ከሆነም፣ በዚያች እሑድ “ቀጥ ያለ ነው” ያሰኛቸውን ትዕግሥት አይንፈጋቸው። አሜን።