ድምፄ ከሄደ ወዲህ

ጥቅምት 6፣ ሰኞ፣ ጠዋት
ዛሬም የት/ቤቱ ቤተ መጻሕፍት። አቧራ አራግፋለሁ፣ ማህተም እመታለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው። ር/መምህሩ በበሩ አለፈ፣ ዞሮም አላየኝ። የእንቅርቱ ኦፕራሲዮን ድምፄን ይዞት ከሄደ አራት ወር ሆነ። የቀረኝ ሹክሹክታ ነው። ሰባ ተማሪ ፊት በሹክሹክታ አይቆምም፣ ይገባኛል። ግን ጠርቶ አላናገረኝም። የዝውውር ደብዳቤ ላከ።

ጥቅምት 9፣ ሐሙስ
የኳየር እህቶች ሙዝ ይዘው መጡ። እግዚአብሔር ዓላማ አለው አሉኝ፣ በየተራ፣ የተማከሩ ይመስል። ለበጎ ነው። የኔን ሶሎ አሁን ቤተልሔም እንደምትዘምረው ነገሩኝ። ደብተሬ፣ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ፦ ሙዙን አልበላሁትም። ጸሎትም ትቻለሁ። ብንበረከክ የሚወጣኝ ስድብ ነው።

ጥቅምት 14፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት
አከራዬ እማ ዘሀራ በሬን አንኳኩ። ባላቸው አያ መሐመድ የበሬ ነጋዴ ነበሩ፣ ባቲ ገበያ ላይ ድምፃቸው ከበሬው በላይ የሚሰማ። ደም ግፊት ጣላቸው። ቀኝ ጎናቸው ሰነፈ፣ አንደበታቸው ተያዘ። የሚሉትን ያውቃሉ፣ ቃሉ ነው እምቢ የሚላቸው። ልጆቻቸው እንደ ደንቆሮ ይጮሁባቸዋል።
እማ ዘሀራ እንዲህ አሉኝ፦ "አብሽሪ አልልሽም። እኔንም አብሽሪ ሲሉኝ ሰልችቶኛል። ከኦፕራሲዮንሽ በኋላ ሐኪሙ ያስተማረሽን የአፍ ልምምድ ለሳቸው አሳዪልኝ።"
ለበጎ ነው ያላለኝ የመጀመሪያ ሰው። እምቢ ማለት አቃተኝ። እየተናደድኩ እሺ አልኩ።

ጥቅምት 16፣ ሐሙስ
አያ መሐመድ ጠሉኝ። እኔም አልወደድኳቸውም። ውሃ በሉ እላለሁ፣ አፌን ከፍቼ፣ ቀስ ብዬ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ሦስተኛው ላይ በግራ እጃቸው የውሃ ጣሳውን ወረወሩት። ቀሚሴ ራሰ። ልጮህባቸው አፌን ከፈትኩ። ምንም። ትንፋሽ ብቻ።
አዩኝ። ቀድመው የሳቁት እሳቸው ናቸው። እኔም ሳቅኩ፣ ንዴቴ ሳይበርድ። ከዚያ ወዲያ ፊታቸውን አላዞሩም። አፍ የሌለው አፍ በሌለው አያፍርም መሰለኝ።

ጥቅምት 24፣ ዓርብ
ሳምንት ሙሉ ውሃ፣ ውሃ። ዛሬ የኔን ትምህርት ንቀው፣ ዓይናቸውን ከጀሪካኑ ላይ ተክለው፣ "ቢ... ቢሻን" አሉ። ለካ ውሃ የሚለው ቃል የተደበቀው በልጅነት ቋንቋቸው፣ በኦሮምኛ ኖሯል። እኔ ሞኟ በአማርኛ ስቆፍር። እማ ዘሀራ አልሐምዱሊላህ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ።
ቤቴ ገብቼ ተንበረከክሁ። ስድቡ ወጣ፣ ሁሉም። ለምን ድምፄን አልኩት። ለምን የኔን።  እየሰማኝ ነበር። እንዴት አወቅሽ ብለሽ አትጠይቂኝ።

ጥቅምት 29፣ ረቡዕ
ወሬው ጨፋ ሮቢት ደረሰ። አንዲት ሴት አባቷን በሚኒባስ ይዛ መጣች፣ ያው በሽታ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ቀጠርኳቸው። ር/መምህሩን ፈቃድ ጠየቅሁ። አጉረመረመ፣ ፈረመ።
ፓስተሩም ሰምቷል። እሑድ ምስክርነት እንድሰጥ ይፈልጋል። እግዚአብሔር ድምፄን የወሰደው ለእነዚህ ሰዎች ብሎ ነው እንድል። ንግግሩን ጽፎ ሊሰጠኝ ሁሉ ዳዳው። በሩን ፊቱ ላይ ልዘጋበት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ኅዳር 2፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት
ወሰንኩ። ነገ እቆማለሁ። ማይክ ግን አልይዝም። መስማት የፈለገ ወንበሩን ያስጠጋ። የምለውም የራሴን ነው፦ ድምፄን ለምን እንዳጣሁ አላውቅም። አንድ ሽማግሌ እንዲናገር ብሎ እኔን የሚያፍን አምላክ አላመልክም። ከጌታ ጋር ገና አልታረቅንም፣ እየተነጋገርን ነው። በቀረኝ ትንፋሽ ግን ሥራ ሰጥቶኛል፣ ሥራውንም ወድጄዋለሁ።
ይኸው ነው። አሜን ካሉ ይበሉ፣ ካላሉም ይተዉት። ማክሰኞ ሁለት ተማሪ አለኝ።